ጉቢዮና የነጋዴዎች ጧፍ

ለንግድ ጉዳይ ወደ ኢጣሊያ የሚጓዝ ያገራችን ሰው ዘወትር የሚያየው ሚላኖን፣ ጄኖቫንና ሮማን ነው። ጊዜ የተረፈው እንደ ሆነ ግን በኡምብሪያ ክፍለ ሀገር፣ በኢንጂኖ ተራራ ተዳፋት ላይ የተሠራችውን ጉቢዮን ቢጎበኝ ነጋዴን የሚመለከት አንድ የቆየ ልማድ ያገኛል።

በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን የከተማይቱ ሰዎች «ቼሪ» የተባሉትን ሦስት የእንጨት ሥራዎች ተሸክመው ይሮጣሉ። ትርጓሜው ጧፎች ማለት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁመቱ 4 ሜትር፣ ክብደቱም 280 ኪሎ ያህል ነው። በየጫፋቸው የቅዱሳን ምስል ቆሟል። የፊተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1160 ያረፈው የከተማይቱ ጳጳስ የቅዱስ ኡባልዶ ሲሆን የግንበኞች ነው። ሁለተኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የነጋዴዎች፤ ሦስተኛው የአባ እንጦንስ፣ የገበሬዎች ነው።

ረፋዱ ላይ በ14ኛው መቶ ዓመት በተሠራው የኮንሶሎች ቤተ መንግሥት ፊት ጧፎቹ ቀጥ ተደርገው ሲቆሙ፣ አለቆቹ ከሸክላ ማሰሮ ውኃ አፍስሰው ማሰሮውን ወደ ሕዝቡ ይወረውሩታል። ሕዝቡም ስባሪውን ለመልካም ዕድል ይሻማል። ጉቢዮ ማስትሮ ጆርጆ የተባለው ባለሙያ በ16ኛው መቶ ዓመት በሠራቸው ቀይ አንጸባራቂ ሸክላዎች ስሟ የታወቀ ናት። ገዢው የተሰበረውን ዕቃ ከደኅናው አብልጦ የሚመኝበት ቀን ግን ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሩጫው የሚጀመረው ወደ ማታ በ12 ሰዓት ነው። ተሸካሚዎቹ ሳይቆሙ እየተለዋወጡ፣ በጠባቡ ጎዳና አልፈው ሽቅብ እስከ ተራራው ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። የሚያስደንቀውም ማንም ማንን የማይቀድም መሆኑ ነው፤ ኡባልዶ ሁልጊዜ አንደኛ፣ የነጋዴዎቹ ጊዮርጊስ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው። ታዲያ ክብሩ በምን ይገኛል ቢሉ፣ ጧፉን ሳያዘነብሉና ሳይጥሉ ከፊተኛው ሳይርቁ በመድረስ ነው። ፍልሚያው ያለው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። የኡባልዶ ሰዎች እንደ ገቡ በሩን ለመዝጋት ይጣደፋሉ፤ ነጋዴዎቹ በቅርብ ተከትለው ከሆነ ግን ይገባሉ፤ ከዘገዩ በውጭ ይቀራሉ። ለዚህች አንዲት በር ሲባል የከተማይቱ ወጣት ዓመቱን ሙሉ ይነጋገራል። በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ሩጫው ሳይደረግ መቅረቱም ለነዋሪው ከባድ ኀዘን ነበር።

ወደዚያ ለመሄድ ከሮማ ወደ አንኮና በሚወስደው ባቡር ፎሳቶ ዲ ቪኮ ወርዶ በአውቶቡስ መቀጠል ነው። ተራራውን በእግሩ መውጣት የማይሻ፣ በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ሁለት ሰው ቆሞ የሚሄድበት የብረት ቅርጫት አለለት።