ፋይዳ መታወቂያና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የሰውን ማንነት የሚመሰክረው ጎረቤቱ፣ የነፍስ አባቱ ወይም የቀበሌው ሰው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ ግን ምስክሩን ከሰውየው አካል ይወስዳል፤ የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የሁለት ዓይኖች ብሌንና የፊት ምስል ተመዝግበው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። መረጃው ቀድመው ከተመዘገቡት ጋር ስለሚነጻጸር አንድ ሰው ሁለት ቁጥር እንዳይይዝ ያደርጋል። ድንች ሲቆፍር፣ ከሰል ሲያከስል የኖረ ገበሬ አሻራው ቢደበዝዝ እንኳ ዓይኑ አለ። ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በተመዘገበ ሰው ምስክርነት ሊመዘገብ ይችላል፤ የጥንቱ ልማድ በዚህ በኩል አልቀረም።

ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ስም ነው። በክርስትና ስሙ የተመዘገበ ምእመን የባንክ ደብተሩ በዓለም ስሙ ከሆነ ሁለቱን ማስታረቅ ያደክመዋል። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት ሰነዶቹን አስተያይተው የሚያነቡለት የሰበካ ጉባኤ አባላት ቢኖሩ መልካም ነው።

በኢንተርኔት ማንነትን ለማረጋገጥ ወደ ስልክ የአንድ ጊዜ የምሥጢር ቁጥር ይላካል። በሌላ ሰው ስልክ የተመዘገቡ አረጋውያን እንግዲህ የቤታቸውን ቁልፍ ለዚያ ሰው ሰጥተዋል ማለት ነው። ያን ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይ፣ በካህን ስም ቢሆን እንኳ፣ ሊነገረው አይገባም።