የሥራ ፈረቃ ከመፈረማችሁ በፊት ቤት ውስጥ ተመካከሩ

በአገራችን ሳለን የሥራ ሰዓቱን ለብቻው የሚመርጥ ሰው አልነበረም። ገበሬውን ዝናቡና ፀሐዩ ያዙታል። ቀጥቃጩ ብረት ሲመታ ወናፉን የሚነፋለት ልጁ ነው፤ ለሸማኔው ሚስቱ ትፈትልለታለች። እዚህ እስራኤል ግን ቀጣሪው ወረቀት አቅርቦ የሚያስፈርመው አንዱን ሰው ብቻ ነው፤ ሰዓቱን የሚሸከሙት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ናቸው።

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ደጋግሜ የማየው ይህን ይመስላል። አባት ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ያገኛል፤ ክፍያው ሻል ስለሚል ደስ ብሎት ይፈርማል። ጠዋት መጥቶ ሲተኛ ሕፃኑን ዝም የሚያሰኝ ሰው ያስፈልጋልና እናት የጀመረችውን ኡልፓን ትታ ቤት ትቀራለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘብ ሲያጥር የማታ ጽዳት ትይዛለች። ያን ጊዜ ታናናሾቹን የምትጠብቀው የ15 ዓመቷ ልጅ ትሆናለች፤ መምህሯም «ክፍል ውስጥ ለምን ትተኛለች?» ብላ ወደ እኛ ትደውላለች። ማንም ክፉ አላሰበም። እያንዳንዱ የያዘው ሌላው የተወለትን ሰዓት ነው።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የእናትየዋ ዕብራይስጥ ነው። ኡልፓን ደመወዝ ስለማያመጣ ቀድሞ የሚጣለው እሱ ነው፤ ቋንቋ የሌላት ሴት ደግሞ ከመጥረጊያው ሳትላቀቅ ዓመታት ያልፋሉ። አንዳንድ ባሎችም ሚስታቸው ቀድማ ሥራ በመያዟ አፍረው የመጣውን ሁሉ ይፈርማሉ።

ውሉን ቤት ውስጥ የሚያነበው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ልጅ ቋንቋውን እንጂ የሥራ ሕጉን አያውቅም፤ ያንብብ እንጂ ይሁን አይሁን የሚሉት ወላጆች ይሁኑ።

ሰዓቱንም አስተውሉ። ወረቀቱ ላይ 22:00 የተባለው በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በ1951 በወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ መሠረት ከ22:00 እስከ 6:00 ካለው ጊዜ ቢያንስ 2 ሰዓት የሚይዝ ሥራ የሌሊት ሥራ ይባላል፤ መደበኛ ርዝመቱም 7 ሰዓት ነው። ፈረቃ ባለበት ቦታ አንድን ሠራተኛ ከ3 ሳምንት ውስጥ ከአንዱ በላይ ሌሊት ማሠራት አይፈቀድም፤ ልዩ ፈቃድ ያላቸው መስኮች ግን አሉ። ስለዚህ «ዘወትር ሌሊት ነው» የተባለ ሰው ፈቃድ መኖሩን ይጠይቅ። ማዖን ብዙውን ጊዜ በ16:00 ይዘጋል፤ ከ14:00 እስከ 22:00 የሚሠራ ሰው ሕፃኑን ማን እንደሚያወጣው ከመፈረሙ በፊት ይወቅ።

ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ሙሉ ቀን ለምትሠራ እናት ለ4 ወር በቀን አንድ ሰዓት ደመወዝ ሳይቀነስባት ይሰጣታል። ሁለቱ ከተስማሙ አባትም ይህን ሰዓት ሊወስደው ይችላል። የጠየቀ አባት ግን እስካሁን ያየሁት ጥቂት ነው።