የአርሲ ተራሮችና የጉድጓድ ውኃ፦ እሳተ ገሞራ የሚሰጠውና የሚነሣው

የአሰላ ከተማ የተመሠረተችው በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ጭላሎ፣ በዳና ካካ ዛሬ የደመናና የዝናም ማደሪያ ሆነው ይታዩ እንጂ፣ ሦስቱም ከረጅም ዘመን በፊት እሳት ይተፉ የነበሩ ተራሮች ናቸው። የሰፈራ ቦታ ለሚመርጥና በድርቅ ጊዜ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ባለሥልጣን ይህን ታሪክ ማወቅ ለሥራው ይጠቅመዋል።

እሳተ ገሞራ የሚፈጠረው በምድር ውስጥ ያለው የጋለ ዐለት ቀልጦ ወደ ላይ ለመውጣት መንገድ ሲያገኝ ነው። በሀገራችን ይህን መንገድ የከፈተው የስምጥ ሸለቆ ነው። ከሸለቆው ግራና ቀኝ ያለው ምድር በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃል፤ በመካከሉ ያለውም ቅርፊት እየሳሳና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ቅልጡ ዐለት ቀጭን ሲሆን እንደ ኤርታሌ ረጋ ብሎ ይፈሳል። ወፍራም ሲሆን ግን በውስጡ የታመቀው ጋዝ በኃይል ፈንድቶ አመድና ድንጋይ ይበትናል።

አደጋው ያለፈ ነገር አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቃ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራራቀች። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከምድር በታች ሲንቀሳቀስ በደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሃይሊ ጉቢ ተራራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል፤ በአቅራቢያው ያለውንም የግጦሽ መሬት ሸፍኗል። አመድ ያረፈበት ሣር ለከብት መኖ ስለማይሆን፣ ለአርብቶ አደሩ እንዲህ ያለው ፍንዳታ ከድርቅ የሚለይ አይደለም።

በአንጻሩ የእሳተ ገሞራ ዐለት በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ፈርሶ ለም አፈር ይሆናል። አርሲ በስንዴና በገብስ የታወቀችው፣ በ1960ዎቹም አሰላን ማዕከል አድርጎ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተቋቋመው በዚህ አፈር ላይ ነው። ተራሮቹ ዝናሙን ይቀበላሉ፤ የተሰነጠቀው ዐለታቸውም ውኃውን አጥልሎ በምንጭ መልክ ይመልሰዋል። የዝዋይን ሐይቅ ከሚመግቡት ወንዞች አንዱ የሆነው ቀታር ከእነዚሁ ተራሮች ይነሣል። በሸለቆው ውስጥ በአሉቶ ደግሞ ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ አመንጭታለች።

ይሁን እንጂ ለእርዳታ ሠራተኛ ከሁሉ በላይ አሳሳቢው አደጋ ድምፅ የሌለው ነው። የሸለቆው ወለል በእሳተ ገሞራ አመድና በቀላል ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ፣ በውስጡ የሚዘገየው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። በውኃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ፍሎራይዱን አስሮ ባስቀረው ነበር፤ ነገር ግን ይህ በሸለቆው አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ውኃ እየጠጡ የሚያድጉ ሕፃናት ጥርሳቸው ይበልዛል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ እንደታየው፣ ጉዳቱ ውሎ አድሮ አጥንትንና አከርካሪን ያጎብጣል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረውን ያከብደዋል።

መፍትሔው ከራሱ ከተራራው ሊገኝ ይችላል። በ1980ዎቹ በሂጦሳ ወረዳ የደጋው ምንጭ ውኃ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ ወደ ብዙ ቀበሌዎች እንዲወርድ ተደርጓል፤ አስተዳደሩም በተጠቃሚው ሕዝብ እጅ ሆኗል።

በመሆኑም በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ሕዝብ ከማስፈር አስቀድሞ የጉድጓዱ ውኃ በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ከበላይ ያለው ተራራ ምን ምንጭ እንዳለው ይጠና። ንጹሕና ጣፋጭ መስሎ የሚታይ ውኃ ሁሉ ለመጠጥ የሚሆን አይደለም። ከድርቅ የተረፈን ሕፃን ዕድሜ ልኩን ለሚያጎብጥ ውኃ አሳልፎ መስጠት እርዳታ ሊባል አይችልምና።