የጎማ ቁመትና የዲፈረንሻል ምጣኔ፤ በፒክ አፕ መኪና ላይ ያላቸው ዝምድና

በድርቅ ለተጎዳ ወገን የሚላክ እህል ረዥሙን መንገድ የሚጓዘው በከባድ መኪና ነው። በ1977 ዓ.ም. ከአሰብ ወደብ ወደ ወሎ የተላከው የዕርዳታ እህልም ዳገቱን ይወጣ የነበረው በትላልቅ የጭነት መኪናዎች ነበር። ይሁን እንጂ ጥርጊያው መንገድ ካበቃበት ሥፍራ ወዲያ ክትባቱን፣ ምርጥ ዘሩን፣ የውኃ ፓምፑን መለዋወጫና ባለሙያውን ይዞ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ፒክ አፕ መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና ዳገት ላይ ሲቆም የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን በጣቢያው የሚጠብቀው ሕዝብ ጭምር ነው። መኪናውን ለዚህ ከሚዳርጉት ምክንያቶች መካከል ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከዲፈረንሻሉ ጋር የማይስማማ ጎማ መግጠም ነው።

ጎማ የመጨረሻው ማርሽ ነው

የሞተሩ ኃይል መሬት የሚደርሰው በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ካምቢዮው፣ ቀጥሎም በኋላ እግሮች መካከል የሚገኘው ዲፈረንሻል የዙሩን ፍጥነት እየቀነሱ የመጎተቻውን ጉልበት ያበዛሉ። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ከካምቢዮ በሚመጣው ዘንግ ጫፍ ያለችው ትንሽ ማርሽ ትልቁን ክብ ማርሽ ታዞራለች። ትንሿ 10፣ ትልቁ 41 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ጎማዎቹ አንድ ጊዜ እንዲዞሩ ዘንጉ 4.10 ጊዜ መዞር አለበት። ይህ ቁጥር የዲፈረንሻሉ ምጣኔ ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መኪናው በጉልበት ይጎትታል፤ በአንጻሩ ሞተሩ ለዚያው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይዞራል።

ሥራው ግን በዲፈረንሻሉ አያበቃም። መሬቱን የሚገፋው ጎማው በመሆኑ ቁመቱ እንደ አንድ ተጨማሪ ማርሽ ይቆጠራል። ከጎማው መሐል እስከ መሬት ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር ጎማው በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ይረዝማል፤ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ረዥም ጎማ መግጠም ዲፈረንሻሉን አውጥቶ ዝቅተኛ ምጣኔ ባለው የመተካት ያህል ነው።

በቁጥር ሲታይ

ጎማው ላይ 225/70 አር 15 ተብሎ ቢጻፍ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የመጨረሻው ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በዚህ ስሌት የጎማው ጠቅላላ ቁመት 696 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በምትኩ 265/70 አር 16 ቢገጠም ቁመቱ ወደ 777 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 12 በመቶ ያህል ነው።

ዲፈረንሻሉ 4.10 ከሆነ፣ በአነስተኛው ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ዘንጉ 1,875 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በትልቁ ግን 1,680 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው በቁመቱ ልዩነት እኩሌታ፣ ማለትም በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ትርፍ በድንጋያማና በቦረቦር መንገድ የማይናቅ ጥቅም አለው። ዋጋው ግን 4.10 የነበረው ምጣኔ በተግባር ወደ 3.67 መውረዱ ነው። በሌላ አነጋገር መኪናው ከመጎተቻ ኃይሉ ከአሥር እጅ አንዱን አጥቷል ማለት ነው።

ይህ ጉድለት በቆላው ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። በደጋ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣ መኪና ጉዞውን የሚጀምረው 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ የሚደርሰው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የጎማው ጉድለት በከፍታው ጉድለት ላይ ሲደረብ፣ ሾፌሩ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ለመውጣት ይገደዳል። በጭነት ተነሥቶ ለመሄድ ፍሪሲዮኑን ለረዥም ጊዜ ማንሸራተት ስለሚኖርበትም ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል በዚያው መጠን ስለሚላላ ተጨማሪው ሸክም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በአንድ ሾፌር እጅ የብዙ ሰው ሕይወት እንዳለ ማስታወስ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

ቆጣሪውና የነዳጁ መዝገብ

የፍጥነትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚሠራው በቀድሞው ጎማ ልክ ነው። ትልቁ ጎማ ሲገጠም ቆጣሪው 60 ሲያሳይ መኪናው የሚሮጠው በ67 ኪሎ ሜትር ነው። በመዝገብ 500 ኪሎ ሜትር ተብሎ ሲጻፍ በእውነቱ የተሄደው 558 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ነዳጁ ከተመዘገበው ርቀት በላይ ያለቀ ይመስላል፤ ያላጠፋ ሾፌርም በነዳጅ ጉድለት ሊጠረጠር ይችላል። የዘይት መለወጫ ጊዜም እንዲሁ ሳይታወቅ ያልፋል። ስለሆነም የሥምሪት ኃላፊዎች ሰውን ከመጠየቃቸው በፊት ጎማውን ቢመለከቱ ፍትሐዊ ይሆናል።

ምን መደረግ አለበት?

አንደኛ፣ የጎማውን እውነተኛ ልክ ማወቅ ነው። መኪናው የተለመደውን ጭነት እንደያዘና ነፋሱ ልክ እንደሆነ በጎማውና በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር መኪናውን በቀስታ ገፍቶ ርቀቱን በሜትር መለካት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የዲፈረንሻሉን ምጣኔ ማወቅ ነው። መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ አቁሞ፣ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ታኮ አድርጎ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያም ማርሹና የእጅ ፍሬኑ ነፃ ተደርገው የተነሣው ጎማ 20 ጊዜ ይዞራል። በተለመደው ዲፈረንሻል ዘንጉ 41 ጊዜ ከዞረ ምጣኔው 4.10 ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን ማስማማት ነው። የቁመቱ ልዩነት እስከ 3 በመቶ ከሆነ ብዙ ችግር አያስከትልም። ከዚያ በላይ ከሆነ የተሻለው መንገድ ወደ ቀድሞው ልክ መመለስ ነው። ትልቁ ጎማ የግድ ከሆነ የዲፈረንሻሉ ማርሾች መለወጥ አለባቸው። በምሳሌያችን 4.10 በ1.117 ሲባዛ 4.58 ስለሚሆን፣ 41 እና 9 ጥርስ ያላቸው የ4.56 ማርሾች ይቀርቡታል።

በአራቱም እግር የሚጎትት መኪና ከሆነ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል አብረው መለወጥ ይኖርባቸዋል። ምጣኔያቸው ወይም የጎማዎቻቸው ቁመት ከተለያየ፣ በደረቅ መንገድ አራቱ እግር ሲያያዝ ማርሾቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ በመጨረሻም ይሰበራሉ። ትርፍ ጎማውም ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆን ይገባዋል።

ከልዩ ልዩ አገሮች በዕርዳታ የተገኙ መኪናዎች በአንድ ግቢ በሚሠማሩበት ሥፍራ፣ ከአንዱ ጎማ ፈትቶ ለሌላው መግጠም ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ መኪና የጎማ ልክና የዲፈረንሻል ምጣኔ በመኪናው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው። ሁለቱን ቁጥሮች መጻፍ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይጻፉ ሲቀሩ ግን ዘሩ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል።