ያውቁ ኖሯል? የቆሎ ተማሪ ስፖርት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የላስታና የአካባቢው ኮሌጅ የአብነት ትምህርት ቤት ነበር። ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ፤ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። (ከመንደር ውሻ ጋር መሯሯጥ ከስፖርት ከተቆጠረ ይህን የሚያህል ልምምድ የለም!)

እንደ ላስታ ሁሉ በሰሜን ወሎ ያለው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ስሙ የገነነ ነው። ተማሪው ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ኋላ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ እርሳቸውም ያርሙታል። ጀማሪው 2 ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይነሣና እያደር 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል።

ጉልበት የሚፈትነው ግን አቋቋም ነው። ጸናጽልና ከበሮ፣ መቋሚያ ይዞ መወዝወዝ፣ ሌሊቱን ሙሉ መቆም፤ ይህ ሁሉ ራሱ ትምህርት ነው። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሃና በዚያው ክፍለ ዘመን አዲስ ዝማሜ (መቋሚያ ይዞ የመወዝወዝ ስልት) እንደፈጠሩና ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር እንዳስፋፋው ይነገራል፤ «ተክሌ ዝማሜ» የሚባለውም በልጁ ስም ነው።

እውነተኛው የጨዋታ ቀን ገና ነው። ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመ ዱላና ሩር (ኳሱ) ብቻ ይበቃል፤ የተጫዋች ቁጥርም ሆነ የሜዳ ልክ አይጠየቅም።

በዚሁ በገና ቀን፣ ታኅሣሥ 29፣ ላሊበላ ከሄዱ፣ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኵሉ የተባለው ዝማሬ ሲወረብ ድምፁን ብቻ አይስሙ፤ የካህናቱን እንቅስቃሴም ልብ ብለው ይዩ።