ቃሉን ከሥዕሉ ዙሪያ፦ ከአንድ የማላዊ ልጅ ንግግር የተማርነው እንግሊዝኛ

በዚህ እትም ልናካፍላችሁ የፈለግነው ከእንግሊዝኛ ክፍላችን ያገኘነውን ትምህርት ነው። «ያገኘነው» ያልነው በስህተት አይደለም፤ ብዙውን የተማርነው እኛው መምህራኑ ነንና።

እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንግሊዝኛ ስናስተምር የኖርነው እኛ ራሳችን አገር ቤት በተማርንበት መንገድ ነበር። ሃያ ቃል ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፣ ትርጉሙን ከጎኑ እናደርጋለን፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ በቃላቸው ይይዛሉ፣ በሳምንቱ ይረሱታል። በመከር ወራት ደግሞ ክፍሉ ይሳሳል። እዚህ ፋሽጋና ገዳሪፍ አካባቢ ሰሊጡና ማሽላው ሲደርስ ጉልበት ያለው ልጅ ለቀን ሥራ ይወጣል። ከጎበዝ ተማሪዎቻችን አንዱ እንዲሁ ሊቀርብን ሲል አስጠርተን «ምነው ልጄ?» አልነው። «ቲቸር፣ ገበያው በዓረብኛ ነው፣ ቤታችን በአማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛው ታዲያ ለማን ነው?» አለን። መልስ አጣን።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ባልደረባችን በስልኩ ሚሞሪ ካርድ የያዘውን ንግግር ያሰማን። ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ተናጋሪው ዊሊያም ካምክዋምባ ይባላል፣ የማላዊ ገበሬ ልጅ ነው። ንግግሩን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ውስጥ፣ ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ ነው።

ታሪኩ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማላዊ ውስጥ ክፉ ረሃብ ገባ። የነዊሊያም ቤተሰብ በቀን አንዴ ብቻ፣ እሱንም ማታ፣ ጥቂት ጉርሻ ይቀምስ ጀመር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በክፍያ ስለነበር ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ። ያን ጊዜ ገና 14 ዓመቱ ነበር። አባቱን አየ፣ የደረቀውን ማሳ አየ፤ ዕድሌ ይኸ ነው ብሎ መቀበል ግን አልሆነለትም። በሠፈሩ ወደነበረች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ የሳይንስ መጻሕፍት ያገላብጥ ጀመር። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የሱ እንግሊዝኛ ደግሞ ደካማ ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ሥዕሉን እያየ በሥዕሉ ዙሪያ የተጻፉትን ቃላት መማር ያዘ።

እኛን ያስቆመን እዚህ ላይ ነው። ልጁ ቃላቱን ለፈተና አልፈለጋቸውም። በንፋስ የሚዞር መሣሪያ ውኃ መሳብና ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚችል ከአንድ መጽሐፍ አነበበ። ውኃ መሳብ ማለት መስኖ ነው፣ መስኖ ማለት ደግሞ ለረሃብ መከላከያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ሥራ ነበረው። ዕቃ መግዣ ስላልነበረው ቆራሌው የሚሰበስበው ዓይነት አሮጌ ብረት ከሚጣልበት ቦታ ለቀመ፦ የትራክተር ፋን፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ የብስክሌት አካልና ዲናሞ። እናቱ ሳይቀሩ አበደ አሉት። መጀመሪያ አንድ አምፖል በራ፣ ቀጥሎ አራት። በኋላ ሌላ መሣሪያ ለመስኖ ውኃ ሳበ። የመንደሩ ሰውም ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ደጁ ላይ ተሰለፈ።

አንድ ነገር እንጨምር። ዊሊያም እዚያው መድረክ ላይ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 አሩሻ፣ ታንዛኒያ ነበር። ያን ቀን ከፍርሃት የተነሳ እንግሊዝኛው እንደጠፋበት በሁለተኛው ንግግሩ ራሱ ተናግሯል። ሰዎች ረድተውት ወደ ትምህርት ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ከሚገኘው ዳርትመዝ ኮሌጅ ተመረቀ። ይህን የምንጽፈው ልጆቻችሁ ሁሉ አሜሪካ ይሄዳሉ ለማለት አይደለም። ቃል ሲጠፋበት ያፈረ ተማሪ ካለ ይስማው ብለን ነው።

ንግግሩን ለክፍሉ በትንሽ በትንሹ እያቆምን አሰማን። ከውስጡም እነዚህን ቃላት ያዝን፦

ፋሚን፦ ጠኔ፣ አገር አቀፍ ረሃብ
ድሮፕ አውት፦ ትምህርት ማቋረጥ
ዲተርምንድ፦ ቆርጦ የተነሳ
ዳያግራም፦ የአሠራር ሥዕል
ጄኔሬት፦ ማመንጨት
ኢሪጌሽን፦ መስኖ

ቀጥለን ልጆቹን ደብተርና እርሳስ አስይዘን ስልክ ቻርጅ ወደሚደረግበት ሱቅ ወሰድናቸው። የሚያዩትን ሳሉ፣ በየሥዕሉ ጎን ስሙን ጻፉ። ያኔ አንድ ነገር ገረመን። ፓኔል፣ ባትሪ፣ ዋየር፣ ስዊች፣ ቻርጅ፣ ፓምፕ፣ ታንከር፤ እነዚህን ቃላት እኮ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ሳይቀሩ በየቀኑ ይናገሯቸዋል! እንግሊዝኛ አናውቅም ስንል የኖርነው በአፋችን ይዘነው ነው። የቀረን አጻጻፉን ማወቅና ከግሱ ጋር ማገናኘት ነበር፦ ፓኔሉ ያመነጫል፣ ዋየሩ ያገናኛል፣ ባትሪው ያጠራቅማል።

ያ ልንነጠቀው የነበረው ተማሪ የተበላሸ ነገር መጠገን ስለሚወድ ሥዕል እንዲያግዘን ጠራነው። ቀን ሰሊጥ ቤት እየዋለ ማታ ማታ መምጣት ጀመረ። አንድ ማታ የቤታቸውን የሶላር ፋኖስ ይዞ መጣ። እናቱ ተበላሽቷል ብለው ትተውት ነበር። አብሮት የመጣው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው። ልጁ ዳያግራሙን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ቃል አወቀ፦ ዳስት አቧራ ነው፣ ክሊን ማጽዳት ነው። ፓኔሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፣ ጥላ ከሚያርፍበት ቦታ አንስቶ ፀሐይ ፊት ሰቀለው። አሁን ታናሽ እህቱ ማታ ማታ በዚያ ብርሃን ታጠናለች። «ለማን ነው?» ላለን ጥያቄ መልሱን ያገኘው ራሱ ነው።

ብዙዎቻችን «መሄጃችን ሲታወቅ እንማራለን» እንላለን። ይህ ምድር ግን ብዙ የኛን ሰው ዓመታት አይቷል። ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ካምፕ ነበር፣ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ከትግራይ ለተሰደዱት እንደገና ተከፈተ። መሄጃው እስኪታወቅ ልጅ ያድጋል።

ስለዚህ ወላጆች፣ አደራችን ይህ ነው። እንግሊዝኛ ባታውቁም ልጃችሁን በቀን አንድ ዕቃ አሳዩና «ሣለው፣ ስሙን ጻፍልኝ፣ ምን ይሠራል?» በሉት። እሱ በእንግሊዝኛ ሲነግራችሁ እናንተ በአማርኛ፣ የገበያውን ደግሞ በዓረብኛ ንገሩት። ከፋኖስ፣ ከሬዲዮም ሆነ ከስልክ ጋር የሚመጣውን ወረቀት እሳት ማቀጣጠያ አታድርጉት፤ ወደ ክፍላችን ላኩልን፣ መጽሐፋችን እሱ ነው። በመከር ምክንያት የቀራችሁ ተማሪዎችም የማታው ክፍል ክፍት ነውና ኑ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።