የሀገር ባህል ልብስ በሳጥን ውስጥ እንዳይበላሽ ምን ማድረግ ይገባል?

ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታና የሀበሻ ቀሚስ በገጠርም በከተማም ከቤት ንብረት የሚቆጠሩ ናቸው። ለበዓል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ከወጡ በኋላ ለወራት በሳጥን ይቆያሉ። ብዙዎቹ የሚጎዱትም ሲለበሱ ሳይሆን በተቀመጡበት ነው። ለእንቁጣጣሽ ከሳጥን የወጣ ጋቢ ሻግቶ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቶ የሚገኘው ከመቀመጡ በፊት ሊደረግለት የሚገባው ጥንቃቄ ስለተጓደለ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ልብሱን አጥቦ ማስቀመጥ ነው። ላብ፣ የራስ ቅቤና የወጥ ፍንጣቂ በዕለቱ ባይታዩም ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫነት ይለወጣሉ፤ ነፍሳትንና አይጥንም ይስባሉ። ጥለት ያለው ልብስ ከመታጠቡ በፊት ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርጎ መፈተን ይገባል። ቀለም ከለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው በፍጥነት መታጠብና ሳይነከር መለቅለቅ ይኖርበታል። በረኪና የጥጥ ክርን ያሳሳል፤ የጥለቱንም ቀለም ያጠፋል።

አዲስ የተሸመነ ጨርቅም ለልብስ ሰፊ ከመሰጠቱ በፊት ውኃ ሊነካው ይገባል። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ስለሚሸምን፣ ክሩ በመጀመሪያው እጥበት ውጥረቱን ለቅቆ ይኮማተራል። ሳይነከር የተሰፋ ቀሚስ ከታጠበ በኋላ የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሥራ በሚገባ ማድረቅ ነው። ጋቢ አራት እጅ ተደርቦ ስለሚሠራ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥበት ሊይዝ ይችላል። ስፌቱና ጫፉ በእጅ ተጨብጦ ቅዝቃዜ ከተሰማ ገና አልደረቀም። ሻጋታ በጥጥ ላይ የሚያድገው እርጥበት ሲያገኝ በመሆኑ፣ ያልደረቀ አንድ ልብስ የሳጥኑን ሁሉ ያበላሻል። ነጩ ልብስ ፀሐይ ቢያገኝ ይጠቅመዋል፤ ጥለት ያለው ግን ቀለሙ እንዳይደበዝዝ ነፋሻ በሆነ ጥላ ሥር መስጣት ይሻላል።

ሲቀመጥም ፌስታል እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ፣ ልብሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ይመረጣል። ሳጥኑ ከመሬትና ከጭቃ ግድግዳ ራቅ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቀመጥ። በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ በደረቅ ቀን ማናፈስና የእጥፋቱን ቦታ መለወጥ ክሩ በአንድ መስመር እንዳይበጠስ ይረዳል።

ብል በዋናነት የሚበላው ሱፍና ጸጉር ነው። በመሆኑም እንደ በርኖስ ያሉ የሱፍ ልብሶች ከጥጡ ተለይተው፣ በየጊዜው ተራግፈውና ፀሐይ ሞቀው መቀመጥ አለባቸው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ኬሚካል ነው። ለጎተራ የሚውለው የነቀዝ እንክብል ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለመመረዙም የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ለብልም ሆነ ለአይጥ ተብሎ በልብስ ሳጥን ወይም በመኝታ ክፍል ፈጽሞ ሊቀመጥ አይገባም። የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት ከረጢትም ቢታጠብ እንኳ ለልብስ ማስቀመጫነት አይሆንም። ናፍታሊንም መርዝ ነው፤ ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ስለሚችሉ እጃቸው ከሚደርስበት መራቅ አለበት፤ አብሮት የቆየ ልብስም ለጨቅላ ሕፃን ሳይታጠብና ሳይናፈስ ሊለበስ አይገባም።

ይህን ሁሉ ለመሥራት አመቺው ጊዜ ክረምቱ ሳይገባ ፀሐይ የሚገኝበት ግንቦት ነው። በዚያ ወር ታጥቦና በሚገባ ደርቆ የተቀመጠ ልብስ በመስከረም ለበዓሉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።